የወንጀልና የችሎት ድራማን የታሪክ አመክንዮ መመርመሪያ፦ ከግድያው ሌሊት እስከ ፍርዱ ቀን

የወንጀልና የችሎት ድራማ ሌላው ድራማ የሌለበት አንድ ግዴታ አለበት። የፍቅር ታሪክ ሁለት ሰዎች ለምን እንደተዋደዱ ባያስረዳ ተመልካቹ ሊያልፈው ይችላል፤ የወንጀል ታሪክ ግን ገና በመጀመሪያው ክፍል «ማን ገደለ? በምንስ ይታወቃል?» ብሎ ራሱ ስለሚጠይቅ፣ መልሱን ሲሰጥ ተመልካቹ በዓይኑ ባያቸው ነገሮች ላይ ተመሥርቶ መስጠት ይኖርበታል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣ ወይም በዳንግላ ድራማ አብረው እየተመለከቱ ስላዩት ነገር በቁም ነገር ለመነጋገርና ለመጻፍ ለሚፈልጉ ሰዎች፣ እንዲሁም የራሳቸውን የድራማ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ ወጣቶች ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚመራን መለኪያ አንድ ነው፤ አንድ ስሕተት ከባድ ወይም ቀላል የሚባለው የመጨረሻው ፍርድ ምን ያህል በእርሱ ላይ እንደቆመ ታይቶ ነው።

ለማሳያ የሚሆን ታሪክ

እያንዳንዱን እርምጃ በተግባር ለማየት እንዲመች አንድ ድራማ በሐሳብ እንፍጠር። በደብረ ማርቆስ ከተማ ዳርቻ የሚኖር የወፍጮ ቤት ባለቤት በኅዳር ወር፣ ሐሙስ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ይገደላል። በውርስ መሬት ድንበር ከሟቹ ጋር ሲካሰስ የቆየው ታናሽ ወንድሙ ይያዛል። አንዲት አዛውንት ጎረቤት ጋቢ የተከናነበ ሰው ከወፍጮ ቤቱ ሲወጣ እንዳዩና ሰውየውም ወንድምየው እንደሆነ ይመሰክራሉ። ወንድምየው ግን በዚያ ምሽት ባሕር ዳር ነበርኩ ይላል፤ በእርግጥም ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ በባሕር ዳር ከሟቹ የንግድ ሸሪክ ጋር እራት ሲበላ በሁለተኛው ክፍል አይተነዋል። በመጨረሻው ክፍል ተከላካይ ጠበቃዋ አንድ የእህል ሽያጭ ደረሰኝ ከፍ አድርጋ ስታሳይ፣ ለዐቃቤ ሕግ ምስክርነት የቀረበው የንግድ ሸሪክ ይንቀጠቀጥና «የገደልኩት እኔ ነኝ» ይላል፤ ወንድምየውም ነፃ ይወጣል።

ይህ ታሪክ ሲታይ ያስለቅሳል። ሲመረመር ግን አይቆምም፤ የማይቆምበትን ምክንያት ለይቶ ማሳየት ነው የሐያሲው ሥራ።

በመጀመሪያው እይታ ብዕር አይያዙ

አንድን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ ስሕተት ለመፈለግ አይቀመጡ። ስሕተት ፈላጊ ዓይን ገና ያልተመለሰን ጥያቄ ሁሉ እንደ ጉድለት ይቆጥራል፤ የወንጀል ታሪክ ደግሞ የሚኖረው ባልተመለሱ ጥያቄዎች ነው። በዚህ እይታ የሚፈለገው ከታሪኩ ያወጣዎትን ቅጽበት ልብ ማለት ብቻ ነው። «እንዴ፣ ይህን ማን ነገረው?» ያሉበትን ቦታ በአእምሮዎ ይያዙ። ብዙ ድራማዎች ከስርጭታቸው በኋላ በዩቲዩብ ስለሚገኙ ለሁለተኛው እይታ መመለስ አያስቸግርም።

የሰዓትና የቦታ መዝገብ ያዘጋጁ

በሁለተኛው እይታ ደብተር ይዘው ይቀመጡና እያንዳንዱን ትዕይንት በሦስት ነገር ይመዝግቡ፤ መቼ ሆነ፣ የት ሆነ፣ በቦታው ማን ነበረ። ድራማው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያሳያቸውን ትዕይንቶች በታዩበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በተፈጸሙበት ቅደም ተከተል ያስፍሩ፤ ብዙ ጉድለቶች የሚሸሸጉት ታሪኩ ተቆራርጦ በሚቀርብበት በዚህ ቦታ ነው።

ማሳያችንን በዚህ መንገድ ብንመዘግብ የመጀመሪያው ስንጥቅ ወዲያው ይታያል። ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ያለው መንገድ ወደ 265 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የንግድ ሸሪኩ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ባሕር ዳር እራት እየበላ ከነበረ፣ በአምስት ሰዓት ደብረ ማርቆስ ደርሶ ሊገድል አይችልም። የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ እንደ ልማዱ በሌሊት ረጅም መንገድ አይሄድም፤ የራሱን መኪና ቢይዝ እንኳ በዚያ መንገድ፣ በዚያ ጨለማ፣ ሦስት ሰዓት አይበቃውም። ጸሐፊው ይህን ርቀት የተጠቀመበት ወንድምየውን ነፃ ለማውጣት ነበር፤ ያው ርቀት እውነተኛውንም ገዳይ ነፃ እንደሚያወጣው ግን አላስተዋለም። ለአንዱ የተሠራ ማስረጃ ሌላውንም እንደሚነካ ማየት በዚህ እርምጃ ከሚገኙት ግኝቶች ሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው።

ቦታውን የሚያውቅ ተመልካች ካርታ የማይነግረውንም ይጨምራል። ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን ለመሻገር ወደ ዓባይ በረሃ ጠመዝማዛውን ወርዶ እንደገና መውጣት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከደጀን ጎሃ ጽዮን ያለውን መንገድ በኪሎ ሜትር ብቻ አስልቶ «በግማሽ ሰዓት ደረሰ» የሚል ታሪክ መንገዱን አያውቀውም። ወቅቱንም ይመርምሩ። በሐምሌ የተፈጸመ ነው የተባለ ወንጀል ላይ አቧራማ የእግር ዱካ ከታየ፣ ወይም በኅዳር አጨዳና ውቂያ ወቅት የገጠሩ ሰው ሁሉ ቤቱ ተኝቶ ከተገኘ መጠየቅ ይገባል። ሠርግ በጾም ወቅት ከተደገሰ፣ ወይም በጾም ዓርብ ሥጋ ከቀረበና ማንም ካልገረመው፣ ቀኑን የወሰነው ሰው የቀን መቁጠሪያ አላየም ማለት ነው። ይህ ግን የሚያመዝነው ምርመራው በቀኑ ላይ ሲመሠረት ብቻ ነው።

ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ ተመልሰው በሚቀርቡ ድራማዎች ላይ አንድ ጥንቃቄ ያድርጉ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝን እያሳየ ተዋናዩ በአማርኛ «ሦስት ሰዓት ነው» ቢል የተጋጨ ነገር የለም፤ በእኛ አቆጣጠር የተነገረ ያው ሰዓት ነው።

ማን፣ ምን፣ መቼ አወቀ?

ከሁሉም እርምጃ ረጅም ጊዜ ሊወስድብዎት የሚገባው ይህ ነው። በደብተርዎ ላይ ለእያንዳንዱ ዋና ሰው አንድ አንድ ገጽ ይስጡና በየክፍሉ አዲስ ያወቀውን ነገር፣ ከማን ወይም ከምን እንዳወቀው ጭምር ያስፍሩ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሰው ድርጊት ከዚህ ገጽ ጋር ያስተያዩ። ሰው በሚያውቀው ልክ ነው የሚንቀሳቀስ፤ ገና ያላወቀውን ነገር አውቆ የሚንቀሳቀስ ሰው ካለ፣ እያወቀ ያለው ጸሐፊው ነው።

በማሳያችን መርማሪው በአራተኛው ክፍል «ስለ እህሉ ሽያጭ ደረሰኝስ ምን ትላለህ?» ብሎ ወንድምየውን ይጠይቀዋል እንበል፤ ደረሰኙ ግን ከወፍጮ ቤቱ ጆንያዎች ሥር የሚገኘው በስድስተኛው ክፍል ነው። ይህ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም፤ መርማሪው ስለ ደረሰኙ አስቀድሞ ካወቀ ወይ ማስረጃውን ራሱ አስቀምጦታል፣ ወይ ከገዳዩ ጋር ተነጋግሯል። ድራማው ከሁለቱ አንዱን ካላሰበ፣ ሳያውቀው ንጹሕ ሰው ብሎ የሳለውን መርማሪ ወንጀለኛ አድርጎታል።

በዚሁ ገጽ ላይ የማያውቁትን ብቻ ሳይሆን የሚያውቁትን ያልተናገሩትንም ይፈልጉ። ወንድምየው በግድያው ሰዓት ባሕር ዳር እንደነበረ የሚመሰክርለት ሰው አለው፤ አብሮት እራት የበላው የንግድ ሸሪክ ነው። ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ለፖሊስ ስሙን ለምን አልጠራም? ጠበቃዋስ ለምን በመከላከያ ምስክርነት አላስጠራችውም? ሰው ነፍሱን የሚያድንለትን ነገር እያወቀ ዝም የሚልበት ምክንያት ይኖራል፤ ያፍራል፣ ይፈራል፣ ሌላ ሰው ይሸፍናል። ምክንያቱ በድራማው ውስጥ ካልታየ ግን ዝም ያሰኘው የክፍሎቹ ቁጥር ነው፤ ቢናገር ኖሮ ታሪኩ በሁለተኛው ክፍል ያልቅ ነበርና።

በየትኛው ሕግ እንደሚዳኝ ይለዩ

ድራማው የተቀመጠበትን አገርና ዘመን ሳይለዩ ስለ ሕግ ስሕተት አይጻፉ። በኢትዮጵያ የወንጀል ፍርድ የሚሰጡት ዳኞች ናቸው፤ በአሜሪካ ድራማ የምናያቸው ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች በእኛ ችሎት የሉም፣ በቱርክም የሉም። በንጉሡ ዘመን የተቀመጠ ታሪክ የአገሩን ሰው ሰብስቦ ወንጀለኛውን የሚያወጣበትን አውጫጭኝ ቢያሳይ ልክ ነው፤ በዛሬው ዘመን የተቀመጠ ታሪክ ግን የዛሬውን ሥርዓት ይከተላል።

ሐያሲ ጠበቃ መሆን አይጠበቅበትም፤ ጥቂት መሠረታዊ ነገሮችን ግን ማወቅ አለበት። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚያስፈልገው ምክንያታዊ ጊዜ ሳይታሰብ፣ በ48 ሰዓታት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለምርመራ የሚሰጠው የጊዜ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የብርበራ ትእዛዝም፣ ፍርድ ቤቱ በተለይ ካልፈቀደ በቀር፣ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት እንዲፈጸም ይላል። ስለዚህ መርማሪው በእኩለ ሌሊት በር ሰብሮ ገብቶ ያገኘው ማስረጃ ያለ አንዳች ጥያቄ ችሎት ሲቀርብ ካዩ፣ «የጠበቃዋ አፍ ለምን ተዘጋ?» ብለው ይጻፉ።

እዚህ ላይ ልዩነት ማድረግ ይገባል። ድራማው የፖሊስን ጥፋት ጥፋት ነው ብሎ ካሳየ፣ ያ የታሪኩ ጉዳይ እንጂ የታሪኩ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ተከሳሹ ተደብድቦ የሰጠው ቃል በችሎት ሲሞገት ማየት ድራማውን ያበረታዋል። ጉድለት የሚሆነው በታሪኩ ዓለም ውስጥ ያሉት ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ ሁሉ ይህን እንዳላዩ ሲያልፉት ነው። የጊዜ ቀጠሮው ችሎት በምስል አለመታየቱም ጉድለት አይደለም፤ ድራማ የተፈጸመውን ሁሉ ማሳየት የለበትም፣ ያላሳየው ነገር ሊፈጸም የሚችል መሆኑ ይበቃል።

የክሱን ዓይነትም ያስተውሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያን በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም በሞት ሲያስቀጣ፣ በአንቀጽ 540 የሚታየው ተራ ግድያ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል። ዐቃቤ ሕጉ በአንቀጽ 539 ከከሰሰ፣ አስቦና ተዘጋጅቶ እንደገደለ ወይም ድርጊቱን ከባድ የሚያደርግ ሌላ ሁኔታ እንደነበረ ማሳየት ይጠበቅበታል። ድራማው ስለ ዝግጅት አንድም ትዕይንት፣ አንድም ምስክር ሳያቀርብ ዳኞቹ የሞት ፍርድ ካነበቡ፣ ፍርዱ ከታሪኩ አልወጣም።

ማስረጃው የሚችለውን ያህል ብቻ ይናገር

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ «የሞተው ልክ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው» ካለ አይመኑት። የሬሳ ጡንቻ መድረቅ ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፣ በግምት በአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ መላ አካሉን ይይዛል፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ይላላል፤ ብርድ ደግሞ ይህን ያዘገየዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የኅዳር ሌሊቷ ብርድ ነው። ሐኪም ሊናገር የሚችለው ከዚህ እስከዚህ ባለው ጊዜ ውስጥ ብሎ ነው። የስልክ መረጃም እንዲሁ ስልኩ በየትኛው አንቴና ሥር እንደነበረ ይናገራል እንጂ ስልኩን ማን እንደያዘው አይናገርም።

ስለ ዓይን ምስክር ሁልጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ብርሃን ነበረ ወይ፣ ርቀቱ ምን ያህል ነው፣ ምስክሩ ሰውየውን አስቀድሞ ያውቀዋል ወይ። በማሳያችን ከግድያው ጥቂት ቀደም ብሎ የሰፈሩ መብራት እንደጠፋ አይተናል እንበል፤ ሰውየው ጋቢ ተከናንቧል፤ ጋቢ ደግሞ በኅዳር ብርድ የማይለብስ የለም። አዛውንቷ ወንድምየውን በአረማመዱ ለይተው ቢሆን ያስኬድ ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ያዩትን ልጅ ከኋላው ማወቅ ለጎረቤት አይከብድም። ድራማው ግን ይህን አላሰናዳም፤ ፊቱን አየሁ ነው ያሰኛቸው።

ምስክር በድንገት ቃሉን ሲለውጥ ካዩ ግን ለመፍረድ አይቸኩሉ። እዚህ ላይ የጎጃም ተመልካች ከውጭ ከሚመጣ ሐያሲ የበለጠ ያያል። ደም በተፈሰሰበት ቦታ ሽማግሌዎች ገብተው የሟችንና የገዳይን ወገን ያስታርቃሉ፣ ደም ያደርቃሉ፣ ደመኛው በቀሉን ይተዋል። እርቁ የመንግሥትን ክስ አያስቀርም፤ ነገር ግን ከእርቁ በኋላ ትናንት ያየውን ዛሬ አላየሁም የሚል ምስክር መብዛቱ ለአካባቢው ሰው የሚያስገርም አይደለም። ድራማው ሽማግሌዎቹን፣ ካሳውን፣ በየቤቱ የሚደረገውን ልመና በአንድ ትዕይንት እንኳ ካሳየ፣ የምስክሩ መክዳት ሥር አለው። ካላሳየ ሥር የለውም። የተሻለ ድራማ ደግሞ ከዚህ ይሄዳል፤ ሕጉ ምስክር በፖሊስ የሰጠው ቃል በችሎት ከሚናገረው ጋር እንዲነጻጸር ይፈቅዳል፣ ከዋናው ሙግት በፊት በፍርድ ቤት በሚደረገው ቀዳሚ ምርመራ የተመዘገበ ቃልም ምስክሩ ከሞተ ወይም ከጠፋ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ «ምስክሩ ስለተገደለ ክሱ ፈረሰ» የሚል ታሪክ፣ ቃሉ አስቀድሞ ተመዝግቦ እንደነበርና እንዳልነበር ሊነግረን ይገባል።

አንደበተ ርቱዕነትን ከማስረጃ ይለዩ

እኛ በሙግት ጥበብ የተገነባ ባህል ወራሾች ነን። በቀደመው ዘመን በበላ ልበልሃ ተሟጋቾች በግጥምና በምሳሌ ሲከራከሩ አደባባዩ ይሰማ፣ ያደንቅ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ተናጋሪ ጠበቃ በድራማ ሲመጣ ልባችን ቶሎ ይሸነፋል። የድራማ ጸሐፊዎች ይህን ያውቃሉ፤ ማስረጃ ሲያንሳቸው ረጅም ንግግር ይጽፋሉ። ስለዚህ ከልብዎ የነካዎትን የመዝጊያ ንግግር ጽሑፉን ብቻ ገልብጠው ያንብቡና ይህን ጥያቄ ይጠይቁ፤ ከዚህ ንግግር ውስጥ ቀደም ሲል በችሎት የተረጋገጠው ስንቱ ነው? ሙዚቃውና የተዋናዩ ድምፅ ሲቀር የሚቀረውን ይመዝኑ።

የመስቀለኛ ጥያቄ ትዕይንቶችንም በዚሁ መንገድ ይዩ። መስቀለኛ ጥያቄ፣ ማለትም ተቃራኒው ወገን ለምስክሩ የሚያቀርበው ጥያቄ፣ ምስክሩን ያስጠራው ወገን ባቀረበው በዋናው ጥያቄ የተሰጠው ቃል ሐሰት፣ ስሕተት ወይም አጠራጣሪ መሆኑን ለማሳየት ነው፤ ጠበቃው ለምስክሩ መልሱን የሚጠቁም ጥያቄ ቢጠይቅ በዚህ ጊዜ አያስነቅፈውም፣ በዋናው ጥያቄ ግን ያስነቅፈዋል። ጥሩ ትዕይንት የሚባለው ምስክሩ ሦስት ትንንሽ እውነቶችን እያመነ ሄዶ አራተኛው ላይ መውጫ ሲያጣ ነው። በማሳያችን ሸሪኩ በአንድ ደረሰኝ ብቻ ተንበርክኮ ተናዘዘ። ደረሰኙ ያረጋገጠው እህል መሸጡን ነው፤ ሰው መግደሉን አይደለም። ይህን ያህል ያቀደ ገዳይ «አዎ ሸጬለታለሁ፣ ታዲያ ምን ይሁን?» ማለት እንዴት ያቅተዋል?

ሚዛን ላይ ማስቀመጥ

እስካሁን ብዙ ጉድለት ሰብስበዋል። ሁሉንም መጻፍ ግን ሒስ አይሆንም፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ሥሩን መለየት ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ጉድለት በቅድሚያ ስሕተቱ የገጸ ባሕርይው ነው ወይስ የጸሐፊው ብለው ይጠይቁ። ሰው በታሪክ ውስጥ ይዋሻል፣ ይረሳል፣ ተቆጥቶ ጥቅሙን ይጎዳል፤ ድራማው ይህን አውቆት ዋጋ ካስከፈለው ጉድለት አይደለም። ቀጥለው ለድራማው ጠበቃ ይቁሙለትና ሊሰጥ የሚችለውን ጠንካራ ማብራሪያ ራስዎ ያቅርቡ፤ ማብራሪያው ድራማው ካሳየው ነገር ከተገኘ ጉድለቱን ይሰርዙ፣ ከእርስዎ ምናብ ብቻ ከመጣ ያቆዩት። አጋጣሚዎችንም በዚህ ይለዩ፤ ሰውን ችግር ውስጥ የሚከት አጋጣሚ ይፈቀዳል፣ ከችግር የሚያወጣ አጋጣሚ ግን የታሪኩን ሥራ ለዕድል ይሰጠዋል።

ከዚያ ዋናው ፈተና ይመጣል። ጉድለቱን ከታሪኩ አውጥተው ፍርዱ መቆም አለመቆሙን ይመልከቱ። በማሳያችን ውስጥ የሌሊት ብርበራ ነበረ ብንል፣ እርሱ ቢወጣ ፍርዱ አይነካም፤ ስለዚህ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቀስ። የሸሪኩ ኑዛዜ ቢወጣ ግን በእርሱ ላይ የሚቀር ምንም ማስረጃ የለም፤ በችሎቱም ወንድምየውን ነፃ ያወጣው ኑዛዜው ብቻ ነው። ሒሱ የሚጻፈው በዚህ ላይ ነው።

በመጨረሻ ትንሹን ጥገና ይፈልጉ። ይህን እርምጃ ብዙ ሐያስያን ይዘሉታል፤ እኔ ግን ያለ እርሱ የተጻፈ ሒስ ግማሽ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። በማሳያችን ግድያውን ከማታው አምስት ሰዓት ወደ ንጋቱ ዳር፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ብናዛውረው ምን እንደሚሆን እንይ። ሸሪኩ ከእራት በኋላ ሌሊቱን በመኪናው ነድቶ ለመድረስ በቂ ጊዜ ያገኛል። ወንድምየውም ሊደርስ ይችል ስለነበር እራቱ ነፃ አያወጣውም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ቢናገረውም ጥርጣሬው ይቀጥላል፣ ታሪኩም በሁለተኛው ክፍል አያልቅም። አዛውንቷ ለኪዳን ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በንጋት ድንግዝግዝ፣ ሰውየውን ከኋላው አይተው ሊሳሳቱ ይችላሉ። የግድያው ሰዓት ብቻ ሲዛወር ሦስት ስንጥቅ ገጠመ። ኑዛዜው ብቻ ቀረ፤ ለእርሱ ጠበቃዋ በዚያ ሌሊት ሸሪኩ ነዳጅ የቀዳበትን ደረሰኝ ከእህሉ ደረሰኝ ጋር ብታቀርብ፣ ተናዘዘም አልተናዘዘም ዳኞቹ የሚመዝኑት ነገር ያገኛሉ።

ሒሱን ሲጽፉት

ለእያንዳንዱ ዋና ነጥብ ክፍሉንና በክፍሉ ውስጥ ያለውን ደቂቃ ይጥቀሱ። ከዚያ ድራማው ቀድሞ ምን እንዳሳየን፣ በኋላ ምን እንዳለ፣ ሁለቱ ለምን እንደማይገጥሙ፣ ፍርዱን እንዴት እንደሚነካ በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፉና ጥገናውን ያስከትሉ። የተዋናዮችን ችሎታ፣ የካሜራውን ጥራትና የዘፈኑን ውበት ለሌላ ጽሑፍ ይተዉ። ድራማው ገና እየተላለፈ ከሆነ «ስሕተት ነው» በሚለው ፋንታ «እስከዚህ ክፍል ድረስ አልተመለሰም» ብለው ይጻፉ፤ መልሱ በሚቀጥለው ሳምንት ከመጣ፣ በቀደመው ጽሑፍዎ ላይ ክፍሉን ጠቅሰው እርማቱን ይጨምሩ።